በወይራ የታጠነው ማጣሪያ

ይህ የተደረገ ነገር ነው። እንደ ሌላው ወሬ ከመንገድ ተለቅሞ፣ በየድግሱ ሲንከባለል የወፈረ አይደለም፤ እንዲያውም ሰሚው እንዳይደነግጥ ተብሎ ከመሐሉ ብዙ ተቀንሶለታል። አንዲት ቃል ተጨምሮበት ከሆነ የሞጣው ጊዮርጊስ የጨመረውን ሰው በፈረሱ ኮቴ ይርገጠው። ለሚጠራጠር ደግሞ ምስክር አለ። ፈንታዬ ዛሬም በሕይወት አለች፤ ቤቷ ሞጣ ነው፤ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። ባሏን ደስ ለማሰኘት ብላ የምትዋሽ ሴት እንዳልሆነች ከባሏ ከባንተአምላክ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን እንኳ ዋሽታለት አታውቅም፤ ለምኗት ሁሉ።

በሁለት ሺህ ሦስት ዓ.ም. ጥር ውስጥ፣ አንድ ጧት፣ ባንተአምላክ ሞጣ ካለው ቤቱ ሆኖ ቢቸና ወዳለችው ሚስቱ ደወለ። ፈንታዬ ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ከርማለች፤ ታላቅ ወንድሟ ጋሽ ሰማው ልጁን ሳባን ለደብረ ማርቆስ ሰው ድሮ፣ ነገ የመልሱን ድግስ የሚያበላው በግቢው መስክ ላይ ነው። ባንተአምላክ የደወለው ጥቁሩን ሱፍ ልልበስ ወይስ ቡኒውን ብሎ ሊጠይቅ ነበር። ጥቁሩን አለችው፤ የቡኒው ክርን አልቋል። ከዚያ «ድስቱ አረረብኝ፣ በል ቻው» ብላ ስልኩን ከጉያዋ ሸጎጠችው። አልዘጋችውም። እሱም አልዘጋውም። ሒሳቡ እየተበላ መሆኑ ጠፍቶት አይደለም፤ የሰው ቤት ድምፅ ተደብቆ መስማት ግን ከራዲዮ ድራማ ይበልጣል። የድስት ክዳን ሲንኳኳ፣ ሴቶች ሲሳሳቁ፣ ቢላዋ ሽንኩርት ሲከትፍ ይሰማዋል። ከዚያ የጋሽ ሰማው ወፍራም ድምፅ መጣ።

«የሣር ማጨጃዋ ሞተር እንቢ እንዳለች ናት። ትነሳና እልም ትላለች። ባልሽ ሲመጣ እንዳይነካካት ንገሪው። እሱ ምላስ እንጂ እጅ የለውም። ነገ ደግሞ የማርቆስ ሰዎች ፊት ቀደዳውን እንዳይለቅብን፣ ከጓዳው በኩል ከጎረቤት ጋር አስቀምጪው። ይብላ፣ ይጠጣ፣ ይሂድ።»

ባንተአምላክ የሚስቱን መልስ ጠበቀ። ስልኩን ከጆሮው አጥብቆ፣ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጠበቀ። ቢላዋው ሽንኩርቱን ከተፈ፤ እንደገና ከተፈ። ፈንታዬ ምንም አላለችም። ከዚያ ሒሳቡ አለቀና ስልኩ ተዘጋ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ተኮራምቶ ይተኛ ነበር። ባንተአምላክ ግን እንደ ሌላ ሰው አልተፈጠረም። ቤቱ አንድ ክፍል ከነጓዳው ነው፤ ከአልጋው ትይዩ የቆመው መደርደሪያ ሆዳቸው የተዘረገፈ ራዲዮዎች፣ ምላስ ያጡ የግድግዳ ሰዓቶች፣ አንድ እግሩ የጎደለ የጋዝ ምድጃ ይዟል፤ ከበሩ በላይ ደግሞ በራሱ እጅ «ባንተአምላክ ቴክኒክ፣ ማንኛውም ነገር ይሠራል» ብሎ የጻፈበት ቆርቆሮ ተሰቅሏል። ከአባቱ እርሻ ማጭዱን ጥሎ ከተማ የገባው ለዚህ ቆርቆሮ ነው። ያኔ፣ በጎልማሳነቱ መባቻ፣ ዳግመኛ ማጭድ ብጨብጥ እጄ ይድረቅ ብሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የጨበጠው ካቻቢቴ ብቻ ነው። የሞጣ ወፍጮዎች ሁሉ እሱ ባያስነጥሳቸው አያስነጥሱም፤ አንድ ጊዜ ከዓባይ ድልድይ ማዶ የተበላሸ አውቶቡስ ድምፁን በነፋስ ሰምቶ ምኑ እንደታመመ ተናግሯል። ይህን ሁሉ የሞጣ ሰው ያውቃል፤ ካላወቀም ተነግሮታል። ስለዚህ ጥቁሩን ሱፍ ለበሰ፣ ካቻቢቴዎቹን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከሱፉ ኪስ ከተተ፣ በሩን ቆልፎ ወደ አብዱልዋሂድ ሱቅ ወረደ።

አብዱልዋሂድ የመለዋወጫ ሱቁን ከአባቱ የወረሰ፣ ሳቁን የሚቆጥብ፣ ሚዛኑን የማያጓድል ነጋዴ ነው። ጎማ ከጣሪያው፣ ሰንሰለት ከግድግዳው ተንጠልጥሎ፣ እሱ መሐል በርጩማ ላይ ሻይ እየጠጣ ነበር።

«የአየር ፊልትሮ ስጠኝ» አለው ባንተአምላክ። «ለሣር ማጨጃ ሞተር።»

«መጠኗ?»

«ትንሽዬ ናት። ከሳሙና ትበልጣለች፣ ከዳቦ ታንሳለች።»

«አይተሃታል?»

«በስልክ ሰምቻታለሁ።»

አብዱልዋሂድ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አንተ ሰውዬ፣ ሐኪም እንኳ በስልክ አያክምም እኮ።»

«ሐኪም ሲያቅተው አይደል ወደኔ የሚመጣው! ተነስታ እልም የምትል ሞተር ምን ጎድሏት ነው? ትንፋሽ! በጥር አቧራ አፍንጫዋ ተደፍኖ ነው። አንተ አፍንጫህን ብይዝህ ስንት ሻይ ትጠጣለህ?»

«ወላሂ፣ አንተ ካወራህ የሞተ ሞተር ይነሳል» አለ አብዱልዋሂድ፣ እየሳቀም ቢሆን ከመደርደሪያው ሥር ገብቶ የሞተር ሳይክል ማጣሪያ የሚቆረጥበትን ጥቁር ስፖንጅ አውጥቶ መዳፍ የሚያህል ቀደደለት። «ዘይት ነካ አድርገህ ጭመቀው፤ ያለ ዘይት አቧራ አይዝልህም።» ባንተአምላክ ለእኔ ትነግረኛለህ በሚል ዓይን አየው። ሃያ አምስት ብር ተባለ፤ ሃያ ከፈለ። ኋላ ሲወራ በነፃ ሆነ፤ በነፃ ብቻም አይደል፣ አብዱልዋሂድ አቅፎ ስሞ ሸኘው።

ከሞጣ ቢቸና ያለው መንገድ ያን ጊዜ አስፋልት አልለበሰም። ቅጥቅጡ አውቶቡስ በአቧራ ውስጥ ሲሄድ ሾፌሩ መንገዱን የሚያየው በማስታወስ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ አፍና አፍንጫውን በነጠላ ሸፍኖ ዝም ብሏል፤ ባንተአምላክ ብቻ አፉን ከፍቶ ነበር። ከጎኑ የተቀመጡትን ካህን ስለ ሞተር ትንፋሽ አስረዳቸው። ካህኑም «ነፍስም እንዲሁ ናት» አሉ። ከሞጣ ሲነሱ አማቹን ሊጎበኝ የሚሄድ ሰው ነበር፤ ደብረ ወርቅ ሲደርሱ ቢቸና ሊፈታው ያልቻለው ችግር ገጥሞት በአስቸኳይ ያስጠራው ባለሙያ ሆኗል፤ ቢቸና ሲገቡ ካልደረሰ ሠርጉ የሚፈርስ፣ ሁለት ትልልቅ ዘሮች ደም የሚቃቡ ሆነ። ስለ ጓዳው ወንበር ግን ለማንም አልነገረም። ስለ ፈንታዬ ዝምታም። 

የጋሽ ሰማው ግቢ በቢቸና ስሙ የታወቀ ነው። ከፊት የሚያከራያቸው የመኝታ ክፍሎች በሮቻቸውን አረንጓዴ ተቀብተው ተደርድረዋል፤ ከኋላ መኖሪያው፤ መሐል ላይ መስኩ። ሰማው ባሕር ዳር አንድ ሆቴል ሄዶ እንዲህ ያለ ሣር ካየ ጀምሮ እንቅልፍ አጥቶ፣ የጉድጓድ ውሃ ሲያጠጣ ከርሞ ያበቀለው ነው፤ ሞተሯንም አንድ ፕሮጀክት ሲዘጋ በጨረታ ገዛት። አገሩ ሁሉ በጥር ፀሐይ ቢጫ ሲሆን የሰማው ግቢ ብቻ ይለመልማል። አሁን ግን ሞተሯ ከታመመች ወዲህ ሣሩ ጉልበት ደርሷል። የተከራዩት የፕላስቲክ ወንበሮች የሚያርፉበት አጥተው ከግድግዳ ጋር ተቆልለዋል። ድንኳኑ እንደተጠቀለለ ነው። ጋሽ ሰማው መሐሉ ቆሞ፣ ሣሩ ጉልበቱን እየነካው፣ ከቀን ሠራተኞች ጋር ይነጋገር ነበር።

«መጣህ?» አለው ባንተአምላክን፣ ሱፉን ከላይ እስከ ታች አይቶ። «ግባና አረፍ በል። ፈንታዬ ጠላ ትስጥህ።»

«ጠላው ይቆይ ጋሽ ሰማው። መጀመሪያ በሽተኛዋን ያሳዩኝ።»

«ተዋት፣ ተዋት። ከሰዓት በኋላ እነዚህ ልጆች በማጭድ ይገቡበታል። ማጭድ የያዘ ሁሉ ያጭዳል፤ ወሬ አይፈልግም።»

ይህን ጊዜ ፈንታዬ ከማድቤቱ በር ላይ ብቅ አለች፤ ዓይኗ በሽንኩርት ቀልቷል። ከኋላዋ እናቷ እማማ ወለተ ኢየሱስ በከዘራቸው ተደግፈው ቆመዋል። ድንች የሚልጡት ሴቶች ቀና ብለዋል። ባንተአምላክ ሚስቱን አያት፤ አየችውና ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። ያ ነው ምላሱን የፈታው።

«ማጭድ!» አለ፣ ግቢው እስኪያስተጋባ። «የማርቆስ ሰው ላም ጀምራ የተወችው በሚመስል መስክ ላይ ሊቀመጥ! ነገ ምን ይባላል? የሳባ ዘመዶች ሞተር ሳላቸው በማጭድ አጨዱ ይባል? እኔ በሕይወት እያለሁ ማጭድ እዚህ መስክ ላይ አይወርድም። ከወረደ ባንተአምላክ አትበሉኝ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሴቶቹ ተያዩ፤ አንዷ ፈገግታዋን በነጠላዋ ደበቀች። ጋሽ ሰማው ወደ ሴቶቹ ዞሮ «ሰምታችኋል» አለ ለሁሉም። «ማታ ይህ መስክ ታጭዶ ካየሁ፣ ነገ ከሙሽራው አባት ጎን አስቀምጥሃለሁ። ካልሆነ ከነምላስህ ጓዳ ነህ።»

የቀን ሠራተኞቹን ሊያሰናብት አላሰበም፤ ነገር ግን እግዚአብሔር የባንተአምላክን ክብር በምድር ላይ ሊያሳይ ፈለገና የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። የቅኔው መምህር የኔታ ገብረ ኪዳን ከረጅም ሕመም በኋላ ማረፋቸው ተነገረ። ቢቸና ውስጥ እሳቸውን የማይቀብር ሰው የለም። የቀን ሠራተኞቹ መቃብር ሊቆፍሩ ተጠሩ፤ ወጥ የሚሠሩት ሴቶች የእድር አባላት ናቸውና መደባቸውን ጥለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፤ እማማ ወለተ ኢየሱስ «ንስሐ አባቴን ያስተማሩ ናቸው» ብለው እያለቀሱ ከዘራቸውን አነሱ፤ ዘበኛው ሳይቀር ሄደ። ጋሽ ሰማው ሲወጣ ከበሩ ላይ ዘወር ብሎ «ደግሞ ለቅሶ ላይ ሞተር አታስጩህብን!» አለ።

«ጤነኛ ሞተር አይጮህም» አለ ባንተአምላክ።

በሩ ተዘጋ። ድስት እንድትጠብቅ የቀረችው ፈንታዬና እሱ ብቻ ናቸው። እሷ ማድቤት፣ እሱ መስኩ ዳር። የመልስ ዋዜማ ሆኖ እንደዚያ ጸጥ ያለ ግቢ ታይቶ አይታወቅም፤ የሚሰማው የወጡ መንተክተክና ከሩቅ የሚመጣው ልቅሶ ነው። ባንተአምላክ ለሚስቱ የሚለው ነገር ነበረው። ጧት ምነው ዝም አልሽ፣ ነው። አምስት ቃል አትሞላም። አፉ ላይ መጥታ ተመለሰች፤ አገር የሚያወራ ሰው እሷን ማውጣት አቃተው። ሱፉን አውልቆ ከወንበር ላይ ሰቀለና ወደ ሞተሯ ጎንበስ አለ።

አሁን የሚነገረው በቴክኒክ ትምህርት ቤት ሊሰጥ የሚገባው ነው። መጀመሪያ እሳት የምትጭርበትን የካንዴላዋን ሽቦ ነቀለ፤ ሞተር ሲነካኩት ድንገት ተነስቶ ጣት እንዳይበላ። ቀጥሎ በማጣሪያው ክዳን ዙሪያ የተጋገረውን አቧራ በአሮጌ ብሩሽ ጠረገ፤ ክዳኑን ሳይጠርጉ የሚከፍት ሰው አቧራውን በራሱ እጅ ለሞተሩ ያጎርሰዋል። ከዚያ ብሎኑን ፈታ። ክዳኑ ሲነሳ ያልጠበቀው ነገር አፍንጫው ላይ መጣ፤ የቤንዚን ሳይሆን የጠላ ጋን ሽታ።

«ፈንትዬ!» ብሎ ጮኸ። «ነይ እስኪ! ይህ ሞተር ነው ወይስ ጋን?»

መጣች፤ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ወይራ። ስፖንጁ እንደ ጥቀርሻ ጠቁሮ፣ ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኖ፣ ተኮማትሯል። ፈንታዬ አፏን በነጠላዋ ይዛ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ለቅሶ መኖሩ ትዝ እያላት፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ሳቀች።

«እማዬ ናት! ዘበኛው አጥቦ ፀሐይ ላይ ሲያሰጣው አየችው። ‹የታጠበ ዕቃ ሳይታጠን ይገጠማል እንዴ? ምን ያደርጋል ይሄ?› አለችው። ‹ሞተሯ የምትተነፍስበት ነው› ቢላት፣ ‹የምትተነፍስበት ከሆነማ ጥሩ ጠረን ትተንፍስ› ብላ ከጋኖቹ ጋር አጠነችው!»

ባንተአምላክ ሳቀ። ሁለቱ አብረው እንደዚያ ከሳቁ ዘመን የለውም። የታመመውን ቦታ ሞጣ ሆኖ፣ በስልክ፣ ሳያይ እንዳወቀው ነገራት፤ በስልክ የሚለው ቃል ሲወጣ ግን ሳቋ ቆመ። ስልኩ ጧት አለመዘጋቱ ያን ጊዜ ገባት። አየችው፤ እሱ ስፖንጁን አየ። ቀስ ብላ ተነስታ ወደ ድስቶቿ ሄደች።

የማጣሪያውን ጎድጓዳ ቤት በንጹሕ ጨርቅ ወለወለ። ከሞጣ ያመጣውን ስፖንጅ ከአሮጌው ላይ አስተኝቶ በምላጭ ልክክ አድርጎ ቆረጠው፤ የሰፈር ልብስ ሰፊ ቢያየው ይቀናበት ነበር። የሞተር ዘይት ጠብ ጠብ አድርጎ በጨርቅ ውስጥ እስኪደርቅ ጨመቀው። ዳር ዳሩ ክፍተት እንዳይተው አድርጎ አስቀመጠው፤ ክዳኑን ገጠመ፤ የካንዴላውን ሽቦ መለሰ። ከዚያ ገመዱን ያዘ።

በአንድ ስበት ተነሳች ቢባል ደስ ይላል፤ ግን ይህ የእውነት ታሪክ ነውና አልተነሳችም። ሞተር እንደ ሙሽራ ነው፤ ሲጠሩት ወዲያው አይመጣም። ሳበ፣ አረፈ፣ ሳበ። የመዳፉ ቆዳ ተላጠ። ሸሚዙ ከጀርባው ተጣበቀ። ፈንታዬ በማድቤቱ መስኮት ታየው ነበር። ከዚያ፣ የቅዳሴ ቃጭል የምታህል ድምፅ ብቻ አሰምታ፣ ሞተሯ ተነሳች። እንደ ድመት ነው የምታንኮራፋው፤ ከአጥሩ ማዶ ሰው ቢኖር አይሰማትም። ባንተአምላክ የግቢውን በር ከውስጥ ቀረቀረ፤ አዲስ ነፍስ የዘራችን ሞተር የሰው ዓይን እንዳይበላት። ከዚያ ከመስኩ አንድ ጥግ ጀመረ።

እንዴት አጨደች! ሣሩ ገና ሲያያት ይተኛላት ነበር። የሚደንቀው ደግሞ ያጨደችውን እንደ ሌላ ማሽን አትበትንም፤ ነዶ ነዶ እያደረገች፣ ራሱን ወደ አንድ ወገን አድርጋ፣ በሥርዓት ታስቀምጠዋለች። ፈንታዬ ነዶውን እየተሸከመች ለእናቷ ላም ወሰደች። ባንተአምላክ የቢላውን ጤንነት ለመመርመር በየጊዜው ይንበረከክ ስለነበር የሱሪው ጉልበት እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆነ። ወገቡ እሳት በላ፤ ሞተር መግፋት ቀላል የሚመስለው ያልገፋ ነው። አንድ ጊዜ ፈንታዬ በጣሳ ውሃ ይዛለት መጣችና አጠገቡ ቆመች። የሆነ ነገር ልትል ነበር። እሱ ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ፣ ጣሳውን ሳያያት መለሰላትና ወደ ሥራው ዞረ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ከመስኩ የቀረው ከቧንቧው ሥር ያለችው ቁራጭ ነበረች፤ እሷንም አልማራትም። ሲጨርስ ቀና ማለት አቅቶት ለጥቂት ጊዜ እንደ ጎበጠ ቀረ። ሚስቱ በመዳፉ ላይ ቅቤ አሸችለትና በነጠላ ቅዳጅ አሰረችው።  መዳፉን የላጠው የሞተሯ ገመድ ነው።

ቀባሪዎቹ ሲመለሱ ባንተአምላክ ሱፉን ለብሶ፣ ሞተሯን በጨርቅ አልብሶ፣ ከደጅ ቆሞ ነበር። ጋሽ ሰማው ከበሩ ገባና ቆመ። ከኋላው የሚመጡት ተጋጩበት። መስኩ ከዳር እስከ ዳር እንደ ምንጣፍ ተኝቷል፤ የማታ ፀሐይ ላዩ ላይ ወድቃበታለች። ለቅሶ መዋሉንም ረስቶ አንዱ አፏጨ።

«ድምፁ እንኳ አልተሰማ» አለ ጋሽ ሰማው በመጨረሻ። «የቀበርንበት ጊዮርጊስ እኮ ቅርብ ነው።»

«ደህና ማጣሪያ የተገጠመለት ሞተር አይጮህም አላልኩም?»

«ያጠንኩላት እኔ ነኝ» አሉ እማማ ወለተ ኢየሱስ ከኋላ። «ድሮም ጠረን አጥታ ነበር። አሁን ደስ ብሏት ሠራች አይደል? እናንተማ ትስቁብኝ ነበር።»

ጋሽ ሰማው እጁን ዘረጋ። ባንተአምላክ መዳፉን ሳይሆን ክንዱን ሰጠው፤ ዘይት ነው አለ።

በማግስቱ የማርቆስ ሰዎች በሆታ ገቡ። ሳባ በካባዋ እንደ ንግሥት መስኩ ላይ ተቀመጠች፤ ልጆች በባዶ እግራቸው ሣሩ ላይ ተንከባለሉ። ባንተአምላክ ከሙሽራው አባት ጎን፣ ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ ብርሌውን በሁለት ጣቱ ይዞ ተቀመጠ። ከዚያ ጀመረ። ጠጁ እየጨመረ ሲሄድ ሣሩም እየረዘመ ሄደ፤ መጀመሪያ ጉልበት፣ ቀጥሎ ወገብ፣ በኋላማ ጅብ የሚደበቅበት ሆነ። ሞተሯ አገሪቱ ውስጥ ሁለተኛ የላትም፤ የሠራት ነጭ እንኳ ከነማጣሪያዋ ተስፋ ቆርጦባት ነበር። ሽማግሌዎቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ የሙሽራው አባት ጉልበቱን እየመታ «እንዲህ ያለ አማች ከየት አገኛችሁ?» ይል ነበር። «እስኪ አስነስታትና እንስማት!» ሲለው፣ «ዛሬማ በዓሏ ነው፤ ትረፍ» አለ ባንተአምላክ። «ካላመናችሁ ምስክሬ ያቻት! ፈንትዬ፣ ውሸት ነው?»

ፈንታዬ የወጥ ሳህን ይዛ በመሐል ታልፍ ነበር። ቆመች። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደሷ ዞሩ። ፈገግ አለችና «መስኩ ያው፣ ተቀምጣችሁበታል» ብላ አለፈች። ሳቁ ድንኳኑን ነቀነቀው።

መዳፉ በጠጁ ሙቀት ሲያቃጥለው ባንተአምላክ ይቅርታ ጠይቆ ተነሳ። ከድንኳኑ ጀርባ ካለው የውሃ በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ሊያስነካው እጁን ሲፈታ፣ በሸራው ማዶ፣ ከማድቤቱ በር ላይ፣ የጋሽ ሰማውን ወፍራም ድምፅ ሰማ። ዛሬ ግን ድምፁ ዝቅ ብሏል።

«እኔ ያልገባኝ ነገር አለ፣ እኅቴ። ዛሬ ጧት ሰው ሳይነሳ ሞተሯን ልሞክራት ብዬ ሳብኳት። እንደ በፊቱም ብልጭ አላለች፤ ጭራሽ ሞታለች። ትናንት እንዴት ተነሳች?»

ባንተአምላክ እጁ በርሜሉ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ማድቤቱ ውስጥ ሳህን ተቀመጠ። ቢላዋ አልተሰማም፤ የሚከተፍ ሽንኩርት አልነበረም። እንደ ትናንቱ ጧት ጠበቀ።

«አልተነሳችም ጋሼ» አለች ፈንታዬ፣ ቀስ ብላ። «ማጣሪያዋን ቀየረላት፤ እጁ እስኪላጥ ሳባት፤ እንቢ አለችው። ከዚያ በሩን ቀረቀረና ከእማዬ ጎተራ ማጭድ አወጣ። ይህን መስክ በሙሉ ተንበርክኮ ያጨደው እሱ ነው፤ ብቻውን። ላግዝህ ልለው ውሃ ይዤ ሄጄ ፊት ነሳኝ። እጅ የለውም ስትለኝ ዝም አልኩህ፤ ዝም ማለት አልነበረብኝም። እጅ አለው፣ ጋሼ። ብቻ ነግራኛለች እንዳትለው፤ ሞተሯ ናት ሲል ደስ ይለዋል።»